ቅጹ በነጻ ይገኛል፤ ጣታችን ግን ውድ ነው



ዛሬ የምናወራው ስለ ወረቀት ነው። ፊደል ስለቆጠርንበት ደብተር አይደለም። ጣት ስለሚያርፍበት፣ ማኅተም ስለሚመታበት፣ መሬት ስለሚያስገኝና መሬት ስለሚያሳጣ ወረቀት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ክረምት በጎጃም ደጋ በአንዲት ቀበሌ ማታ ማታ ፊደል አስተምር ነበር። ተማሪዎቼ ሁሉ በዕድሜ ይበልጡኛል። ነሐሴ ላይ ንባቡ ሲያያዝላቸው፣ "ነገ ከቤታችሁ ያለውን ማንኛውንም ወረቀት ይዛችሁ ኑ፤ አብረን እናነባለን" አልኳቸው።

በማግስቱ አንዱ የማዳበሪያ ደረሰኝ አመጡ። ሌላው የልጃቸውን የክትባት ካርድ። ባላቸው የሞቱባቸው አንዲት እናት ደግሞ በፌስታል የተጠቀለለ፣ ጭስ የጠገበ ወረቀት ከመቀነታቸው ፈትተው አወጡ።

"ይኼ የመሬቴ የኪራይ ወረቀት ነው" አሉ። "ለሦስት ዓመት ነው ያከራየሁት። ዘንድሮ ሁለተኛው ነው።"

"እስቲ ያንብቡት፣ እማማ" አልኩ።

ጣታቸውን በመስመሩ ላይ እየጎተቱ ጀመሩ። "የ… መ… ሬት…" አሉ። ደስ አላቸው። ቀጠሉ። "ስ… ጦ… ታ… ውል።" ቀና ብለው አዩኝ። "ስጦታ? ምን ማለት ነው፣ ልጄ? እኔ ለማን ሰጠሁ?"

ቤቱ ጸጥ አለ። የሚሰማው ቆርቆሮውን የሚመታው ዝናብ ብቻ ነበር።

ወረቀቱ "ሁለት ጥማድ መሬቴን በፈቃዴ ለዘለዓለም በስጦታ ሰጥቻለሁ" ይላል። ከታች የሁለት ምስክሮች ፊርማ አለ። ከፊርማዎቹ በላይ የእማማ የአውራ ጣት አሻራ ቁጭ ብሏል። ተከራዩ የባላቸው ዘመድ ነው። ወረቀቱን የጻፈው ከተማ ያለ አንድ ማመልከቻ ጸሐፊ ነው። "ምን አለዎት ያን ጊዜ?" ብለን ስንጠይቃቸው፣ "ምን ይላል? ሁሉም አንድ ነው፣ እዚህ ጋ አሳርፊ አለኝ፤ አሳረፍኩ" አሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። "በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል" ይላሉ አባቶቻችን። እውነት ነው። ግን የተጻፈው እኛ ያልነው ካልሆነስ? ያን ጊዜ ጽሑፉ የሚያወርሰው ለሌላ ነው።

ቅጽ ምንድን ነው?

ቅጽ፣ ብዙዎቻችን "ፎርም" የምንለው፣ ግማሹ አስቀድሞ የተጻፈ ወረቀት ነው። ለሁሉም ሰው የሚሆነው ቃል ታትሞበታል። የየሰው ስም፣ ቦታ፣ ቀንና ገንዘብ ደግሞ ባዶ ተትቷል። ባዶውን የምንሞላው እኛ ነን።

ቅጽ እንደ ማረሻ ነው። ማረሻ የማንንም መሬት ያርሳል። ድንጋዩ የት እንደተቀበረ ግን አያውቅም። ያንን ማወቅ ያለበት አራሹ ነው። ቅጹም እንዲሁ ለሁሉም ይሆናል፤ የኛን ጉዳይ ድንጋይ ግን አያውቅም። መሬቱ ድንጋይ ከሌለው ራሳችን እንሞላለን። ድንጋይ ካለው የሚያውቅ ሰው እንጠይቃለን። የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር ይኸው ነው።

ቅጽ የት ይገኛል?

አብዛኛውን ጊዜ ቅጽ ለማግኘት ገንዘብ አያስፈልግም። የምንሄድባቸው ቦታዎች እነዚህ ናቸው።

1ኛ፣ የወረዳው የገጠር መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት። የመሬት ኪራይ፣ ስጦታና ውርስ የሚመዘገበው እዚህ ነው። "ለኪራይ ውል የሚሆን ቅጽ ስጡኝ" ብላችሁ ጠይቁ። ከተማ ወርዶ ጸሐፊ ከመፈለግ በፊት እዚህ መጀመር ይሻላል።

2ኛ፣ የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት። የክስ፣ የመልስና የወራሽነት ማመልከቻ ምን መምሰል እንዳለበት እዚያ ይጠየቃል። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ራሱ ከመጨረሻው ገጾች ላይ የማመልከቻ ናሙናዎች አሉት። ሕጉ ለሁሉም ሰው የወጣ ስለሆነ ናሙናውን መገልበጥ ከልካይ የለውም።

3ኛ፣ ሰነድ የሚያረጋግጠው መሥሪያ ቤት። ልጃችን ከተማ ሆኖ ጉዳያችንን እንዲከታተል ውክልና ስንሰጥ ወደዚህ እንሄዳለን። ልብ በሉ! ጠቅላላ ውክልና ንብረት ለማስተዳደር ብቻ ነው። ቤት ለመሸጥ ወይም በመያዣ ለመስጠት ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። በቅጹ ላይ "መሸጥ፣ መለወጥ" የሚል ቃል ካያችሁ ቆም በሉ።

4ኛ፣ የቀበሌ ጽሕፈት ቤት። ልደት፣ ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት የሚመዘገበው እዚህ ነው። ምዝገባው በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ያልተመዘገበ ጋብቻ ነገ በውርስ ጊዜ ራስ ምታት ይሆናል።

ቅጹ በነጻ ነው ስንል ግን አገልግሎቱ ሁሉ በነጻ ነው ማለታችን አይደለም። የቴምብር ቀረጥ፣ የምዝገባ ወይም የዳኝነት ክፍያ ሊኖር ይችላል። ስትከፍሉ ደረሰኝ ተቀበሉ። ያለ ደረሰኝ ገንዘብ የሚጠይቅ ካለ "በየትኛው ደንብ ነው?" ብሎ መጠየቅ መብታችን ነው።

ደግሞ ቅጽ ያረጃል። ለምሳሌ የፌዴራሉ የገጠር መሬት አዋጅ በ1997 ዓ.ም. ቁጥር 456 ሆኖ ወጥቶ ነበር። በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1324 ተተካ። ክልሎችም የየራሳቸው የመሬት ሕግ አላቸው፤ የአማራ ክልል አዋጅ ቁጥር 252 የወጣው በ2009 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ጎረቤት ከዐሥር ዓመት በፊት የተጠቀመበትን ወይም ከሌላ ክልል የመጣውን ቅጽ ገልብጦ መሙላት አደጋ አለው። "ይህ ቅጽ ዛሬ ይሠራል ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ።

ስንሞላ ምን እናድርግ?

መጀመሪያ ርእሱን አንብቡ። ኪራይ ነው? ብድር ነው? ስጦታ ነው? የእማማ ችግር ያለው ከርእሱ ላይ ነበር። አንድ ቃል ብቻ!

ቀጥሎ ስም እስከ አያት ይጻፍ። የመሬቱ ቦታ፣ ስፋትና አዋሳኝ በአራቱም ማዕዘን ይጻፍ። ውሉ የሚጀምርበትና የሚያልቅበት ቀን ይጻፍ። "ለሦስት ዓመት" ብቻ ማለት አይበቃም፤ ከመቼ እስከ መቼ?

ገንዘብ በአኃዝም በፊደልም ይጻፍ። 1,000 ብር ላይ ከፊት አንድ ጭረት ቢጨመር 11,000 ይሆናል። "አንድ ሺህ ብር" ተብሎ በፊደል ከተጻፈ ግን መጨመር ያስቸግራል። ባዶ የቀረ ቦታ ካለ መስመር አስምሩበት። ባዶ ወረቀት ላይ ደግሞ በፍጹም አትፈርሙ፤ ለወንድምም ቢሆን!

ምስክሮች ፊት ለፊት ይፈርሙ። ከዚያ አንድ ቅጂ ወደ ቤት ይዛችሁ ሂዱ። ቅጂ የሌለው ሰው ነገ "እንዲህ ይል ነበር" ከማለት በቀር ምን ያሳያል?

ብድርን በተመለከተ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንድ የሚጠቅም ነገር ይላል። ብድሩ ከ500 ብር በላይ ከሆነና ተበዳሪው ከካደ፣ "እነ እገሌ አይተዋል" ማለት ብቻውን አያዋጣም። ጽሑፍ ያስፈልጋል፤ ጽሑፍ ከሌለ ደግሞ ያለው መንገድ ተበዳሪው በፍርድ ቤት ማመኑ ወይም መሐላ ነው። ዛሬ 500 ብር ምን ይገዛል? ስለዚህ ብድራችን ሁሉ በጽሑፍ ይሁን ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ቀላል የብድር ወረቀት፣ ሁለቱም ወገን ከተስማማ፣ ቅጽ ይዘን በሁለት ምስክር ፊት ራሳችን ልንሞላው እንችላለን። ጠበቃ አያስፈልገውም።

የእኔ ስሕተት

አሁን ወደ እማማ ልመለስ። በማግስቱ አብረን ወረዳ ወረድን። በመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት መዝገቡ ታየ። የይዞታ ደብተሩ አሁንም በእማማ ስም ነው፤ ስጦታው አልተመዘገበም። እፎይ አልን። ከዚያ ፍርድ ቤት ሄድኩና የክስ ማመልከቻ ናሙና ገለበጥኩ። ማታውን በባትሪ ብርሃን ቁጭ ብዬ ሞላሁት። ጽሕፈቴ ያምራል ይሉኛል፤ እኔም ኮራ አልኩ።

እንደ እድል ሆኖ፣ አንድ መምህር "ሳታስገቡት በፊት ለሚያውቅ ሰው አሳዩት" አሉን። በአንድ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ሥር ወዳለ የነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከል ሄድን። አንዲት የሕግ ባለሙያ ማመልከቻዬን አነበበችና እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

"ይህን ማን ጻፈው?"

"እኔ" አልኩ።

"ጎበዝ፣ ፊደልህ ያምራል። ነገር ግን በአንድ መስመር እማማን አስረሃቸዋል። 'በስጦታ የሰጠሁት መሬት ይመለስልኝ' ብለሃል። እሳቸው ሰጥተዋል እንዴ?"

"አልሰጡም። አከራዩ እንጂ።"

"ታዲያ 'የሰጠሁት' ካልክ፣ ተከሳሹ ምን ማስረዳት ይቀረዋል?"

ላብ በላብ ሆንኩ። ቅጹ ትክክል ነበር። ቦታው፣ ስሙ፣ ቀኑ ሁሉ በየቦታው ገብቷል። ግን ድንጋዩ የተቀበረበትን ቦታ አላየሁም ነበር።

ከዚያ ወደ እማማ ዞረች። "ጣትዎን ያሳረፉት ማን ፊት ነው?" አለቻቸው። "ወረቀቱ ተነቦልዎታል? ስንት ሰው ነበር?"

"ጸሐፊው፣ ዘመዴና ሁለት ሰዎች ነበሩ። ማንም አላነበበልኝም" አሉ።

የሕግ ባለሙያዋ ያስረዳችን ይህን ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1728 መሠረት ማንበብ የማይችል ሰው ፊርማ ወይም የጣት አሻራ፣ ውል አዋዋይ፣ መዝጋቢ ወይም ዳኛ በሥራው ላይ ሆኖ ካላረጋገጠው በቀር አያስገድደውም። ደግሞም በአንቀጽ 2443 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት ስጦታ የሚደረገው እንደ ግልጽ ኑዛዜ ሆኖ ነው። ይህ ማለት በሰጪውና በአራት ምስክሮች ፊት ተነቦ፣ መነበቡና ቀኑ ተጽፎ፣ ሁሉም ፈርመውበት ነው። የእማማ ወረቀት ሁለት ምስክር ብቻ ነው ያለው። አልተነበበም። አልተመዘገበም።

ማመልከቻው እንደ አዲስ ተጻፈ። ከመግባቱ በፊት ግን ለዘመድየው ነገሩ ተነገረው፤ ሽማግሌም ገባ። ሕጉ ምን እንደሚል ሲሰማ ወረቀቱን መለሰ። በመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ቅጽ ላይ ለቀረው ጊዜ ብቻ የኪራይ ውል ተጻፈና ተመዘገበ። እማማ ለሕግ ምክሩ አንድ ሳንቲም አልከፈሉም። የወጣው የመኪና መሳፈሪያ ብቻ ነው።

ግን አንሳሳት። ወረቀቱ ተመዝግቦ ቢሆን፣ ወይም እኔ የጻፍኩት ማመልከቻ ገብቶ ቢሆን፣ ነገሩ በዚህ ባላለቀ ነበር።

መቼ ነው ጠበቃ የምንጠይቀው?

እኔ ጠበቃ አይደለሁም። ከባለሙያዋ የሰማሁትንና ከሕጉ ያነበብኩትን ነው የምነግራችሁ። ከሚከተሉት አንዱ ከደረሰባችሁ ቅጹን አስቀምጡና የሚያውቅ ሰው ጠይቁ።

1ኛ፣ ወረቀቱ ስለ መሬት ወይም ስለ ቤት ሆኖ "ሽያጭ"፣ "ስጦታ"፣ "መያዣ"፣ "ወለድ አገድ" ወይም "ለዘለዓለም" የሚል ቃል ካለበት። በ1987 ዓ.ም. በወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። ስለዚህ የመሬት ሽያጭን በሌላ ስም ሸፍኖ የሚያመጣ ሰው አይጠፋም።

2ኛ፣ ከፍርድ ቤት መጥሪያ ሲደርሳችሁ። መጥሪያ ሣጥን ውስጥ የሚቀመጥ አይደለም፤ ቀን አለው። በቀኑ ያልቀረበ ሰው በሌለበት ይፈረድበታል።

3ኛ፣ ተፈርዶባችሁ ካልተስማማችሁ። በፍትሐ ብሔር ጉዳይ ይግባኝ የሚቀርበው ፍርዱ ከተሰጠ በ60 ቀን ውስጥ ነው። አዝመራው ይሰብሰብና እናያለን ስትሉ ቀኑ ያልፋል።

4ኛ፣ ፖሊስ ይዟችሁ ከሆነ ወይም በወንጀል ከተከሰሳችሁ። ዝም የማለት መብት አላችሁ። ይህም በሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 ተጽፏል። ሳታነቡ የትኛውም ቃል ላይ አትፈርሙ።

5ኛ፣ የውርስ ክርክር ሲነሣ፣ በተለይ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች ወይም ከሌላ ትዳር የተወለዱ ልጆች ካሉ። ኑዛዜም እንዲሁ ነው። ግልጽ ኑዛዜ በአራት ምስክር ፊት መነበብ አለበት። ተናዛዡ ብቻውን የሚጽፈው ደግሞ በገዛ እጁ የተጻፈ፣ ቀን ያለውና የተፈረመ መሆን አለበት። ባልና ሚስት በአንድ ወረቀት ላይ አብረው መናዘዝ አይችሉም። እንግዲህ የታተመ ቅጽ ሞልቶ መፈረም ብቻውን ኑዛዜ አይሆንም።

6ኛ፣ ሌላው ወገን ጠበቃ ይዞ ከመጣ፣ ወይም ባለሀብት መሬታችሁን ለብዙ ዓመት ልከራይ ካለ።

7ኛ፣ "ቶሎ ፈርም፣ መኪናው ሊሄድ ነው" ከተባላችሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። የሚያስቸኩል ሰው ብዙ ጊዜ እንዲነበብ የማይፈልገው ነገር አለው።

ገንዘብ የሌለውስ?

"ጠበቃ ለሀብታም ነው" የሚሉ አሉ። ሙሉ በሙሉ እውነት አይደለም።

በባሕር ዳር፣ በጎንደር፣ በሐዋሳ፣ በጅማና በሐረማያ ዩኒቨርሲቲዎች ያሉት የሕግ ትምህርት ቤቶች ለአቅመ ደካሞች ነጻ የሕግ ድጋፍ ሲሰጡ ቆይተዋል። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለሴቶች በነጻ ያማክራል። ፈቃድ ያላቸው ጠበቆችም አቅም ለሌለው ሰው በነጻ የማገልገል ግዴታ በሕግ ተጥሎባቸዋል። ለወረዳው ፍርድ ቤት ወይም ለፍትሕ ጽሕፈት ቤት "ነጻ የሕግ ድጋፍ በቅርብ የሚሰጠው የት ነው?" የሚል አንድ ጥያቄ ማቅረብ ይበቃል።

በወንጀል የተከሰሰ ሰው ጠበቃ ለማቆም አቅም ከሌለውና ፍትሕ የሚጓደል ከሆነ፣ መንግሥት ተከላካይ ጠበቃ ሊያቆምለት ይገባል፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ነው። የፍትሐ ብሔር ክስ ለማቅረብ የዳኝነት ክፍያ ያጣ ሰው ደግሞ "በደሃ ደንብ" ልክሰስ ብሎ ማመልከት ይችላል። ብዙ ጊዜ ለዚህ ከቀበሌ የድህነት ማስረጃ ይጠየቃል።

ከፍላችሁ ጠበቃ ከያዛችሁም ፈቃዱን እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። ዋጋውን በጽሑፍ አድርጉ። ፍርድ ቤት በር ላይ ቁጭ ብሎ ማመልከቻ የሚጽፍ ሁሉ ጠበቃ አይደለም። ብዙዎቹ ሥራቸውን በሐቅ የሚሠሩ ናቸው። ግን መጻፍ ሌላ፣ መምከር ሌላ ነው። ይህን እኔ ራሴ በራሴ አይቻለሁ።

ፊደል ከቆጠርን በኋላ

አንድ የመጨረሻ ነገር ልበል። ማንበብ የማይችለውን ሰው ሕጉ ይጠብቀዋል አልን። እኛስ አሁን? አሁን እናነባለን፤ በስማችን እንፈርማለን። ነገ "አላነበብኩም ነበር" ብንል ማን ይሰማናል? ፊደል ስንቆጥር ዓይን አገኘን፤ ከዓይኑ ጋር ኃላፊነቱም መጣ። እንግዲህ ጠባቂያችን ራሳችን ነን።

አዲሱ የኪራይ ውል በተፈረመ ቀን የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ የጣት ቀለሙን ወደ እማማ ገፋ አደረገላቸው። እማማ ቀለሙን ወዲያ አሉት። ወረቀቱን ወደራሳቸው ስበው ከላይ ከርእሱ ጀመሩ። "የ… መሬት… ኪ… ራይ… ውል።" ቀጠሉ።

"እማማ፣ ወረፋ አለ እኮ" አላቸው ሠራተኛው።

"ይጠብቁኛ፣ ልጄ" አሉት። "ያን ጊዜም አቻኩለውኝ ነው።"

እስከ መጨረሻው መስመር አነበቡ። ከዚያ እስክሪብቶ ጠየቁ፤ ስማቸውንም ጻፉ።

ይህን ያነበባችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ዛሬ ማታ እቤታችሁ ያለውን ወረቀት አውጡ። ርእሱን አንብቡ። ቀኑን እዩ። የማን ጣት እንዳረፈበት እዩ። ማንበብ የማይችል ጎረቤት ካላችሁም የእሱን አንብቡለት።